ተያዥ ምንድን ነው? ከመጠየቅዎም ከመፈረምዎም በፊት

አራት ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆመውም ያንብቡት፣ በቴሌግራምም፣ አንዳንድ የሥራ ማስታወቂያዎች ግርጌ ላይ የማትጠፋ መስመር አለች፦ «በቂ ተያዥ ማቅረብ የሚችል/የምትችል»። ገንዘብ ያዥ፣ የንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ ሾፌር፣ የጥበቃ ሠራተኛ ሲፈለግ አትቀርም። ፈተናውን አልፎ፣ ቃለ መጠይቁን አልፎ እዚህች መስመር ላይ የሚቀር ብዙ ነው።

ተያዥ ማለት «ይህ ሠራተኛ ገንዘብ ቢያጎድል ወይም ንብረት ይዞ ቢጠፋ እኔ እከፍላለሁ» ብሎ የሚፈርም ሰው ነው። ቀጣሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ቋሚ ሥራና በቂ ደመወዝ ያለው ሰው ይፈልጋሉ። ተያዡ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያጽፋል። ደብዳቤው ደመወዙን ይገልጻል፤ ብዙ ጊዜም ለሌላ ሰው ዋስ አለመሆኑን። ማኅተም ይመታበታል፣ ቅጹ ይፈረማል፣ አለቀ።

አለቀ የሚለው ግን ተቀጣሪው ነው። ለተያዡ ገና መጀመሩ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዋስ የሚሆን መከላከያ አለው፤ የሚያሳዝነው ፈራሚዎች አያውቁትም። አንቀጽ 1922 ዋስትና በግምት እንደማይኖር ይናገራል። በግልጽ መነገር አለበት። ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ውሉ ላይ ካልተጻፈም ዋስትናው አይጸናም። ስለዚህ «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ኃላፊ ነኝ» ብቻ የሚል ቅጽ ከመጣልዎ፣ የብሩ መጠን የቱ ጋ እንደተጻፈ ይጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ሌላው በጥንቃቄ የሚነበበው ከሠራተኛው ጋር «በአንድነት» ኃላፊ ነኝ የሚለው ነው። ይህን የፈረመን ሰው ቀጣሪው ሠራተኛውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ሊከሰው ይችላል። ይህን ያልፈረመ ግን «መጀመሪያ የእሱ ንብረት ይታይ» ብሎ መከራከር ይችላል። የከፈለ ዋስ ከሠራተኛው የማስመለስ መብት አለው፤ ሠራተኛው ከተገኘ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ሰው ተያዥ እንዳይሆን ለማስፈራራት አይደለም። ከብሔራዊ ቴአትር እስከ ሰንጋ ተራ በተደረደሩት የባንክ ሕንፃዎች ውስጥ ከሚሠሩት ስንቱ አጎቱ፣ የሰፈሩ ሰው ወይም የድሮ አለቃው ፈርሞለት ነው የገባው! ትልቅ ውለታ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ውለታው ከተዋለ በኋላ የሚመጣው ዝምታ ነው።

ዝምታው ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። «ፎርማሊቲ ነው፣ ዝም ብለህ ፈርም» ብሎ ወረቀት መዘርጋት ሰውየውን መናቅ ነው። ደሞዙን በእርስዎ ላይ የሚያስይዝ ሰው የሥራ መደብዎን፣ በእጅዎ የሚያልፈውን ገንዘብና የዋስትናውን ጣሪያ ማወቅ አለበት። እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ጋሼ፣ የተቀጠርኩት በገንዘብ ያዥነት ነው። ቅጹ ይኸው። ቤት ወስደው ያንብቡትና ካልተመችዎት አልቀየምም።» አልቀየምም ካሉ ደግሞ ከልብዎ ይሁን። እኛ ዘንድ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ከባድ ነው። «መሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ አይጽፍም» ይባላል፣ ስልክ አይነሳም፣ ቀጣሪው የሰጠው ቀን ያልፋል። ግልጽ እምቢታ ከዚህ ሁሉ ይሻላል፤ ቢያንስ ሌላ ሰው ለመፈለግ ጊዜ ይሰጣል።

መደብ ሲቀየርም መናገር ያስፈልጋል። ረዳት ሆነው ገብተው ዋና ገንዘብ ያዥ ሲሆኑ ተያዥዎ ከሰው አፍ መስማት የለበትም። ሂሳብ ከጎደለብዎና ነገሩ በምርመራ ላይ ከሆነ ደግሞ ከቀጣሪው ደብዳቤ በፊት ከእርስዎ ይስማ። ይህን የሚያደርግ ሠራተኛ፣ ጥፋት ቢኖርበት እንኳ፣ ሰው ፊት የሚቆምበት ስም ይተርፈዋል። ተያዡም በበኩሉ ሥራ ሊለቅ ሲያስብ ቀደም ብሎ ቢናገር፣ ሠራተኛው ሌላ ዋስ የሚፈልግበት ጊዜ ያገኛል።

ከሁሉ የሚረሳው መልቀቂያው ነው። ሠራተኛው ክሊራንሱን፣ ማለት ከዕዳና ከንብረት ነፃ መሆኑን የሚያሳየውን ወረቀት፣ ይጨርሳል፣ የሥራ ልምዱን ይዞ ይወጣል፤ ተያዡ ግን ፋይሉ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ከዓመታት በኋላ ለገዛ ልጁ ሊፈርም ሲጠይቅ «እርስዎ እኮ ለሌላ ሰው ዋስ ነዎት» ይባላል። ስለዚህ ሲለቁ ዋስትናው መቋረጡን የሚገልጽ ደብዳቤ ለተያዥዎና ለመሥሪያ ቤቱ እንዲጻፍ ይጠይቁ። ኮፒውን ራስዎ ወስደው ይስጡት፣ አመስግኑት።

ከክፍለ ሀገር ለመጣ፣ ከተማው ውስጥ ዘመድ ለሌለው ልጅ ይህ ሥርዓት ይከብዳል። ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም። በገንዘብ ተያዥ እናገኝልሃለን የሚሉ ደላሎች የሚጠጉትም እንዲህ ያለውን ነው፤ የሐሰት ደብዳቤ ደግሞ ሥራ ማጣት ብቻ ሳይሆን እስርም ያመጣል። ዘመድ ለሌለው ሰው የተሻለው መንገድ ሥራውን ያየ ሰው ነው፦ ተለማማጅ ሳለ ያሠራው ኃላፊ፣ ጎኑ ተቀምጦ የሠራ ባልደረባ። ቀጣሪዎችም ሌላ አማራጭ አላቸው። የመድን ድርጅቶች ሠራተኛ እምነት ሲያጎድል ጉዳቱን የሚሸፍን መድን ይሸጣሉ። ዓረቦኑን፣ ማለት የመድኑን ክፍያ፣ ቀጣሪው ቢከፍል፣ ችሎታ ኖሮት ዘመድ ያጣው ልጅ በር ላይ አይመለስም ነበር።