«አላለቀሰችም» ማስረጃ አይደለም

ሰው ቤቱ ውስጥ በድንገት በሞተ ቁጥር አንድ ዓይነት ወሬ ይመጣል። «ሚስቱን አይታችኋታል? ጠብ ያለ እንባ የለም እኮ!» ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ይወራል፣ ታክሲ ውስጥ ይወራል፣ ከዚያ ቲክቶክ ላይ ይወጣና ማታውኑ ፍርድ ይሰጥበታል። ድሮ ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ፣ አሁን ጠበቃ ነኝ። የግድያ ክስን በሁለቱም ወገን ሆኜ ይዣለሁ። ሥራዬን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ግን ሊያስተምረኝ ይነሳል። «አንተ ደግሞ፣ ፊቷ ላይ እኮ ይነበባል!» ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኼ ነው።

ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ከእንግዲህ የጠየቀኝን ሁሉ ወደዚህ ልላከው። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቀለል ቀለል ያሉትን ላስቀድም።

«ቤተሰብ ቤተሰቡን አይገድልም።» ይገድላል። የተባበሩት መንግሥታት ባወጣው ግምት በ2023 ብቻ በዓለም ላይ 51,100 ያህል ሴቶችና ልጃገረዶች በባል፣ በፍቅረኛ ወይም በቤተሰብ አባል እጅ ተገድለዋል። መርማሪ መጀመሪያ ወደ ቤቱ ሰው የሚዞረው ለዚህ ነው። መዞርና መወንጀል ግን ለየቅል ናቸው።

«ልምድ ያለው ፖሊስ ውሸታምን በዓይኑ ይለያል።» አይለይም። በ2006 ከ200 በላይ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩ ሁለት ተመራማሪዎች ሰው ውሸትን ከእውነት የሚለየው በአማካይ 54 በመቶ ጊዜ መሆኑን አግኝተዋል። ሳንቲም ወርውሮ መወሰን 50 ነው። ፖሊስም ሆነ ሌላ ባለሙያ ከተራው ሰው በልጦ አልተገኘም።

«ዓይኑን የሰበረ ጥፋተኛ ነው።» ታላቅ ፊት ዓይን መስበር አክብሮት ነው ተብሎ ባደገ ሰው ላይ ይህን የሚል አበሻ ሳይ ይገርመኛል። አለፍኩት።

አሁን ትዕግሥቴን ወደሚያስጨርሰው ልምጣ። «አላለቀሰችም፣ ስለዚህ እሷ ናት።»

ይህን ለሚለኝ ሰው ሁሌም የአውስትራሊያዋን የሊንዲ ቻምበርሌይንን ታሪክ እነግረዋለሁ። በ1980 ኦገስት ወር ሊንዲና ባሏ ማይክል ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ኡሉሩ ከሚባለው ከበረሃው ቀይ ቋጥኝ አጠገብ ድንኳን ተክለው ነበር። ማይክል የአድቬንቲስት ፓስተር ነው። ማታ ላይ የዘጠኝ ሳምንቷ ሕፃን አዛርያ ከድንኳኑ ጠፋች። ሊንዲ «ዲንጎ ልጄን ወሰዳት» ብላ ጮኸች። ዲንጎ የአገሩ የዱር ውሻ ነው። በአካባቢው ሰፍረው የነበሩ ሰዎች ባትሪ ይዘው ወጡ፣ በረሃውን ሲያስሱ አመሹ። ሳምንት ቆይቶ የሕፃኗ ልብስ ተገኘ፣ ከላይ የለበሰችው ሹራብ ግን የለም። የሞቱን ምክንያት እንዲያጣራ የተሰየመው ዳኛም በ1981 «ዲንጎ ነው» ብሎ ደመደመ።

ሕዝቡ ግን አልተዋጠለትም። ሊንዲ ቴሌቪዥን ላይ ስትቀርብ አትንሰቀሰቅም፣ ድምፅዋም አይቆራረጥም። ዲንጎ ያደነውን እንዴት እንደሚበላ ስትጠየቅ ቁጭ ብላ በዝርዝር ታስረዳለች። ፀጉሯ ተስተካክሏል፣ ቀሚሷ አምሮባታል። «እውነት ይቺ ልጅ የሞተባት እናት ናት?» ተባለ። ሕፃኗን ጥቁር ቀሚስ አልብሳት እንደነበር ተደረሰበትና እሱም ወንጀል ሆነ። የሕፃኗ ስም «በበረሃ የሚሠዋ» ማለት ነው ተብሎም ተወራ። እኛ ከአናንያና ከሚሳኤል ጋር በአንድ ትንፋሽ የምንጠራው አዛርያ መሆኑ ነው እንግዲህ!

በ1982 ዳርዊን ከተማ ላይ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። አስከሬን የለም። የገደለችበት ምክንያት ተብሎ የቀረበ ነገርም የለም። በዋናነት የነበረው መኪናው ውስጥ ተገኘ የተባለ «የሕፃን ደም» እና የሴትየዋ ፊት ነው። ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። ነፍሰ ጡር ስለነበረች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እስር ላይ ሆና ወለደች፣ ልጇንም ወሰዱባት።

«ደም» የተባለው ኋላ ሲጣራ አብዛኛው ፋብሪካ ውስጥ መኪናው ላይ የተረጨ ድምፅ መከላከያ ቅባት ሆኖ ተገኘ። በ1986 ደግሞ አንድ ቱሪስት ከቋጥኙ ላይ ወድቆ ሞተ። የጎደሉ የአስከሬኑን ክፍሎች የሚፈልጉ ሰዎች ዲንጎዎች ከሚኖሩበት ጉድጓድ አካባቢ ያን የጠፋውን ሹራብ አገኙት። ሊንዲ ከመጀመሪያው ጀምሮ «ሹራብ ለብሳ ነበር» ስትል ማንም አላመናትም። ወዲያው ተፈታች፣ በ1988 ፍርዱ ተሰረዘ። «የሞቷ ምክንያት ዲንጎ ነው» የሚለው ቃል በይፋ የሰፈረው ግን በ2012 ነው። ሕፃኗ ከጠፋች ከ32 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ብታለቅስ ኖሮስ? «ታስመስላለች» ትባል ነበር።

እኛ ጋ ደግሞ ይብሳል። የኛ ለቅሶ የአደባባይ ነው። ደረት ይደቃል፣ ሙሾ ይወርዳል፣ ከሩቅ የመጣ ዘመድ ገና ከበሩ እየጮኸ ይገባል። ሐዘኑን በሆዱ የያዘ ሰው በዚህ መሃል ጎልቶ ይታያል። አንድ የያዝኩትን ጉዳይ ልንገራችሁ። ባል ሌሊት ተኝቶ በዚያው አልነቃም። የባል ቤተሰቦች ሚስቱን መርዝ አብልታዋለች ብለው ከሰሱ። ምስክሮቻቸው ምን አሉ? አላለቀሰችም። ይባስ ብላ ሬሳው አልጋ ላይ እያለ ቁም ሳጥን ከፍታ ወረቀት ትበረብር ነበር። «ንብረት ልትሰበስብ!» ተባለ። ትፈልግ የነበረው የእድር ደብተር ነው። የሁለት ወር መዋጮ ሳይከፈል ቀርቶ እንዳይሆንና እድሩ ድንኳን አላመጣም እንዳይል ፈርታ ነው። የባሏን ቀብር የምታስብ ሴት ናት ሌባ የተባለችው። የአስከሬን ምርመራው ውጤት ሲመጣ ጭንቅላት ውስጥ ደም መፍሰስ ነው አለ። ከአማቶቿ አንድም ሰው መጥቶ ይቅርታ አልጠየቃትም።

ድንገተኛ ሞት ያደነዝዛል። አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ዕቃ ያጥባል፣ አንዱ እንግዳ ያስተናግዳል። አንዱ ሐኪም የሰጠውን ማስታገሻ ውጦ ፈዝዟል። ከዚህ ውስጥ ገዳይን የምትመርጥበት መንገድ የለም።

ግልባጩም ያው ነው። በ1994 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ሱዛን ስሚዝ የምትባል እናት «አንድ ጥቁር ሰው መኪናዬን ከነልጆቼ ቀማኝ» ብላ ለዘጠኝ ቀን ቴሌቪዥን ላይ እያለቀሰች ለመነች። አሜሪካ አብሯት አለቀሰ። አንዱ ልጅ 3 ዓመቱ፣ ሌላው የ14 ወር ሕፃን ነበር። መኪናውን ከነልጆቹ ሐይቅ ውስጥ የከተተችው ራሷ ነበረች። በ2012 እንግሊዝ ደርቢ ከተማ ስድስት ልጆች በቤት ቃጠሎ ሲሞቱ አባትየው ሚክ ፊልፖት ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ አልቅሷል። እሳቱን ያስነሱት እሱ፣ ሚስቱና አንድ ጓደኛቸው መሆናቸው በፍርድ ቤት ተረጋገጠ።

እዚህ ላይ «ያኔም እኮ የአዞ እንባ መሆኑ ያስታውቅ ነበር» የሚለኝ አይጠፋም። ከፍርድ በኋላማ ሁሉም ነገር ያስታውቃል! ሰው ያየውን የሚያስታውሰው ኋላ በሰማው ነገር ለውጦ ነው። ቴክሳስ ውስጥ በ1991 ለፈረንጆች ገና ሁለት ቀን ሲቀረው የካሜሮን ቶድ ዊሊንግሃም ቤት ተቃጥሎ ሦስት ትንንሽ ሴት ልጆቹ ሞቱ። ከቦታው የነበረ የሃይማኖት አባት በመጀመሪያው ቃሉ አባትየው ወደ እሳቱ ልግባ ሲል በግድ መያዙን ተናግሯል። ፖሊስ አባትየውን መጠርጠሩ ከተወራ በኋላ ግን ያው ሰው «ከመጠን በላይ የተረጋጋ መሰለኝ» አለ። የጎረቤቶችም ቃል እንዲሁ ተገለበጠ። መኪናውን ከእሳቱ ማሸሹ ዋና መነጋገሪያ ሆነ። ቤቱን ሆን ብሎ አቃጥሏል ተብሎ ሞት ተፈረደበትና በ2004 በመርዝ መርፌ ተገደለ። ጉዳዩን እንደገና ያዩ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ሆን ተብሎ ተለኮሰ ለማለት የቀረበው ማስረጃ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም አሉ። አብዛኞቹ ይህን ያሉት ግን እሱ ከተገደለ በኋላ ነው።

«አንድ ልጅ ከሞተ ዕድል ነው፣ ሁለት ከሞተ እሷ ናት።» ይህ እኛ ዘንድ «ሾተላይ ናት» በሚል ሲታለፍ፣ እንግሊዝ አገር የሒሳብ ካባ ለብሶ ፍርድ ቤት ገብቷል። ሳሊ ክላርክ የምትባል የሕግ ባለሙያ ሁለት ጨቅላ ወንዶች ልጆቿ ተከታትለው ሞቱባት። አንድ ታዋቂ የሕፃናት ሐኪም የዚህ ዕድል ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው ብለው መሰከሩ። አንዱን ሞት በሌላው አባዝተው ነው የደረሱበት። ወንድማማቾች አንድ ዘር፣ አንድ ቤት፣ አንድ አየር እንደሚጋሩ ዘለሉት። በ1999 ተፈርዶባት በ2003 ነፃ ወጣች፣ ግን አላገገመችም፤ በ2007 ሞተች። አውስትራሊያዊቷ ካትሊን ፎልቢግ ደግሞ አራት ልጆቿ ሞተውባት ራሷን የወቀሰችበት የግል ማስታወሻዋ እንደ ኑዛዜ ተነበበባት። ሃያ ዓመት ታሰረች። ሁለቱ ሴቶች ልጆቿ ልብን በድንገት ሊያቆም የሚችል የዘር ለውጥ እንደነበራቸው ሳይንቲስቶች አገኙና በ2023 ይቅርታ ተደርጎላት ፍርዱም ተሰረዘ።

«ስልክ ደውሎ የተናገረበት ሁኔታ ያጋልጠዋል» የሚል ሥልጠናም አሜሪካ ውስጥ ተስፋፍቶ ነበር። አንድ የፖሊስ ኃላፊ መቶ የአደጋ ጥሪዎችን መርምሬ አገኘሁት ያለው ዘዴ ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች፣ የኤፍቢአይ ባለሙያዎችም ጭምር፣ ሲፈትሹት አልሠራላቸውም።

«ታዲያ ሁኔታ ምንም አይናገርም?» ይናገራል። ግን ምልክቱ ለቅሶው ላይ አይደለም፣ ሰውየው ወይም ሴትየዋ ከመሞታቸው በፊት ነው። ባል ሚስቱን አንቆ ያውቃል? አንዴም ቢሆን? በ2008 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ቀድሞ የመታነቅ ታሪክ ያላት ሴት በባሏ ወይም በፍቅረኛዋ የመገደል ዕድሏ ከሰባት እጥፍ በላይ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። አንገቷ ላይ ምልክት ባይኖርም። «ትተሽኝ ከሄድሽ እገድልሻለሁ» ብሏል? ተለይታ ወጥታ ነበር? ስልኳን ይፈትሻል? ከእናቷ ቤት ያስቀራታል? እኔን የሚያናድደኝ ይህን ሁሉ ጎረቤት ያውቀዋል። ስትጮኽ ሰምቶ «የባልና ሚስት ጉዳይ ነው» ብሎ በሩን የዘጋው ሰው ነው ለቅሶ ላይ እንባ የሚቆጥረው።

ከሞት በኋላ ደግሞ የሚጠየቀው አስከሬኑና ቦታው ነው። ሰው ሲሞት ደሙ ወደ ታችኛው የሰውነት ክፍል ይወርድና ከሰዓታት በኋላ እዚያው ይረጋል። በጀርባው ተኝቶ የተገኘ ሰው ደሙ ፊት ለፊት ደረቱ ላይ ረግቶ ከታየ አንድ ሰው ገልብጦታል። ራሷን ሰቀለች የተባለች ሴት አንገት ላይ የገመዱ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጆሮ እየወጣ ይሄዳል። አንገቷን ዙሪያውን ቀጥ ብሎ የከበበ ከሆነ ሌላ ጥያቄ ይነሳል። በእሳት ሞተ የተባለ ሰው መተንፈሻ ቱቦ ውስጥ ጥላሸት ከሌለ እሳቱ ሲነሳ ይተነፍስ ነበር ወይ ይባላል።

ከፈረንጅ ፊልም የተቀዳ አንድ «ምልክት» ደግሞ አለ፦ «ቶሎ አስቀበረው፣ ምርመራም እንቢ አለ።» እኛ አገር ሁሉም ሰው ቶሎ ያስቀብራል! ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። አስከሬን ተከፍቶ ይመርመር ሲባል ብዙ ቤተሰብ «ሬሳውን አታሰቃዩት» ይላል። ይህ ሐዘን ነው። ጥፋቱ ሌላ ነው። ፖሊስ ሳይመጣ ሬሳው ይታጠባል፣ ይገነዛል። ክፍሉ ይወለወላል፣ አንሶላው ይዘፈዘፋል፣ ሃምሳ ሰው ይገባል ይወጣል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ከዚያ በኋላ ግን መርማሪው ምን ይዞ ይሥራ?

ስለዚህ ድንገተኛ ሞት ካጋጠማችሁና ሐኪም ምክንያቱን ካልነገራችሁ ክፍሉን ዝጉት። ማንም አይግባ። አስከሬኑን አታንቀሳቅሱ፣ አትጠቡ። ገመድም ሆነ ብርጭቆ፣ የመድኃኒት ብልቃጥም ሆነ ስልክ ባለበት ይቆይ። ገመድ መቁረጥ ግድ ከሆነ ቋጠሮውን አትፍቱ፣ ከቋጠሮው ራቅ አድርጋችሁ ቁረጡ። ለፖሊስ ደውሉ። «ምርመራ ይደረግ» ማለት ማንንም መወንጀል እንዳልሆነ ለሽማግሌዎቹ አስረዱ፤ ያቺ የእድር ደብተር የምትፈልገው ሴት ነፃ የወጣችው በምርመራው ነው። ተቀብሮ ካደረ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ማውጣት አለ፣ ግን ቀኑ በገፋ ቁጥር ብዙ ነገር ይጠፋል።

የምታውቁት ነገር ካለ ደግሞ በዚያው ቀን ጻፉት። ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለዩ። «ማክሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስትጮኽ ሰማሁ» ቃል ነው። «ሁኔታው አላማረኝም» ቃል አይደለም። የጻፋችሁትን ይዛችሁ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። ቲክቶኩ ይቆይ።