አሜሪካ ያለው ልጃችሁ ኬዙ ኢሚግሬሽን ኮርት ገብቷል? በስህተት ሚወሩ ነገሮችና እውነታው

እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ ጽሕፈትና ትርጉም ቤት ነው ምሰራው። አሜሪካ ያለ ልጃቸው ወይ ወንድማቸው ኢሚግሬሽን ኮርት የገባባቸው ሰዎች ከዚሁ ከማርቆስም ከደጀንም ከብቸናም ከሞጣም ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ወረቀቱን እየሰራን ሚያወሩትን ስሰማ ግን በጣም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ልጁ እዛ ሆኖ ሚወስነው ነገር ግማሹ ከዚህ በስልክ ሚነገረው ነው፣ እናት "ልጄ አትሂድ ይይዙሃል" ካለች ልጅ አይሄድም በቃ። ስለዚህ ደጋግሜ ምሰማቸውን አንድ ባንድ ልጻፍ። ጠበቃ አደለሁም፣ ይሄም ጠበቃ አይተካም፣ ግን ሕጉ ምን እንደሚል ቤተሰብ ማወቅ አለበት ብዬ ነው።

"ዲፖርት ከተባለ ይዘው አውሮፕላን ላይ ይጭኑታል፣ ፍርድ ቤት ምን ያረጋል"

ይሄ ከሳውዲ የመጣ ሀሳብ ይመስለኛል። ከሳውዲ ተጠርዞ የመጣ ሰው ሁላችንም እናውቃለን፣ ይያዛል፣ ይታጎራል፣ አንድ ቀን ቦሌ ይወርዳል፣ ዳኛ ሚባል ሳያይ። አሜሪካ ግን አገር ውስጥ ሲኖር የቆየ ሰው ባብዛኛው መጀመሪያ ፍርድ ቤት ቅረብ ሚል የክስ ወረቀት ይሰጠዋል፣ ኖቲስ ቱ አፒር ይሉታል፣ ከዛ ማስተር ሂሪንግ ሚሉት አጭር ቀጠሮ አለ፣ ከዛ ኢንዲቪጁዋል ሚሉት ዋናው ቀጠሮ ምስክርና ማስረጃ ሚሰማበት ነው። ከተሸነፈ ቢ አይ ኤ ወደሚባለው የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ፣ እዛም ከተሸነፈ ወደ ፌደራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ለምሳሌ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ኬዛቸው ያለ ልጆች ሪችመንድ ወዳለው አራተኛው ሰርኪት ነው ሚሄዱት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ማያውቀው ነገር የኢሚግሬሽን ዳኛው የነጻው ፍርድ ቤት ዳኛ አለመሆኑ ነው። የፍትሕ ሚኒስቴሩ ሰራተኛ ነው፣ ቦርዱም እንደዛው፣ ነጻው ዳኛ ሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ድንበር ላይ የተያዘ ሰው ግን ሌላ ነው። በብራዚል አድርጎ በፓናማ ጫካ በሜክሲኮ የሄደ ልጅ እዛው ከተያዘ በፈጣን አሰራር ዳኛ ሳያይ ሊመልሱት ይችላሉ፣ አገሬ መመለስ እፈራለሁ ካለ ነው ቃለ መጠይቅ ሚደረግለት፣ እሱን ካለፈ ዳኛ ፊት ይቀርባል። ስለዚህ ፍርሃቱን እዛው ወዲያው መናገር አለበት፣ ዝም ብሎ ከፈረመ በኋላ ማውራት ከባድ ነው።

"ኮርት ከሄድክ ይይዙሃል፣ ቅር"

ከሁሉም በላይ ልጅ ሚያበላሽ ምክር ይሄ ነው። ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ ነው አልልም፣ እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ አይስ ሚባለው የኢሚግሬሽን ፖሊስ ሰዎች ኮርት ኮሪደር ላይ ቆመው ሰው ሲይዙ ታይቷል። ግን የቀረው ልጅ ምን ይሆናል? መንግስት መጥሪያው በሕጉ መሰረት እንደተላከና ልጁ አገር ውስጥ ሊቆይ እንደማይገባ ካሳየ ዳኛው ልጁ በሌለበት የዲፖርት ትዕዛዝ ይፈርማል፣ ማስረጃው አይሰማ፣ ምስክሩ አይጠየቅ። ከዛ በኋላ መኪና ሲነዳ ይያዝ፣ ስራ ቦታ ይያዝ፣ ያ ትዕዛዝ ይጠብቀዋል። በዛ ላይ ቢቀር ምን እንደሚከተል በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት ከነበረ ለ10 አመት ያህል ሌሎች መፍትሄዎች፣ በትዳር ግሪን ካርድ ማግኘትን ጨምሮ፣ እዛው ዳኛ ፊት ሊዘጉበት ይችላሉ።

ትዕዛዙን ማስነሳት ይቻላል ወይ ካላችሁ አዎ፣ ግን በጠባብ በር ነው። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ለምሳሌ በከባድ ህመም ከቀረ በ180 ቀን ውስጥ ማመልከት አለበት፣ መጥሪያው ጭራሽ በሕጉ መሰረት ካልደረሰው ደግሞ በማንኛውም ጊዜ ማመልከት ይችላል፣ ማመልከቻው እስኪወሰን ድረስም ማባረሩ ይቆማል። ቀኑ ተሳስቶብኝ ነው ማለት ግን ብዙም አያድንም።

መጥሪያ አልደረሰኝም ስንል ደግሞ አድራሻ ነገር አለ። ልጁ ዲሲ አንድ ክፍል ውስጥ ይኖር ነበር፣ ኪራይ ሲበዛበት ሲልቨር ስፕሪንግ ጓደኛው ጋር ገባ፣ ፍርድ ቤቱ ወረቀቱን ወደ ድሮው ቤት ላከ፣ ይሄ በሕጉ እንደደረሰው ነው ሚቆጠረው። ቤት በቀየረ በ5 የስራ ቀን ውስጥ የአድራሻ መቀየሪያ ፎርሙን ለራሱ ለፍርድ ቤቱ ማስገባት አለበት፣ ለአይስ ወይ ለፖስታ ቤት ብቻ መናገር አይበቃም። መያዝን የፈራ ልጅ ከቀጠሮው በፊት በጠበቃ በኩል በቪዲዮ ልቅረብ ብሎ ይጠይቅ፣ ካልተፈቀደለት ግን መቅረት ማለት አስቀድሞ መሸነፍ ነው።

"ገንዘብ ከሌለው መንግስት ጠበቃ ያቆምለታል"

አያቆምለትም። እሱ የወንጀል ክስ ላይ ነው፣ እዚህ ማርቆስ ፍርድ ቤትም ተከላካይ ጠበቃ ስለምናይ እንደዛ ይመስለናል። ኢሚግሬሽን ኮርት ጠበቃ መያዝ መብት ነው ግን በራስ ወጪ ነው። ኮርቱ በነጻ ሚያግዙ ድርጅቶች ዝርዝር ይሰጣል፣ ልጁ እሱን ይጠይቅ። አስተርጓሚ ግን ፍርድ ቤቱ በነጻ ያቀርባል፣ አማርኛ አለ፣ አስተርጓሚው ሲሳሳት ደግሞ እዛው እያለ አልገባኝም ተሳስቷል ማለት አለበት፣ የተቀዳው ነገር ነው በኋላ ሚነበበው። እባካችሁ ፎርም እሞላለሁ ታሪክ እጽፋለሁ ለሚል ላልተፈቀደለት ሰው ደግሞ ከዚህ ብር ተበድራችሁ አትላኩ።

"እዚህ ጦርነት ስላለ በቃ ይፈቀድለታል"

ይሄን ምሰማው በየቀኑ ነው፣ ሚገርምም አደለም። ሐምሌ 2015 መጨረሻ አማራ ክልል ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ምን እንዳለፍን እናውቃለን፣ ጥር 2016 መራዊ ላይ የሆነውን ኢሰመኮ ራሱ ቢያንስ 45 ሲቪል ሰው መገደሉን አረጋግጦ አውጥቶታል። ግን የጥገኝነት ሕጉ ሚጠይቀው አገሩ ጦርነት ላይ ነው ወይ ብቻ አደለም፣ አንተን ለይቶ ሚያሳድድህ አለ ወይ፣ ምክንያቱስ ዘርህ ነው፣ ሃይማኖትህ ነው፣ ዜግነትህ ነው፣ የፖለቲካ አመለካከትህ ነው ወይስ የአንድ ማህበራዊ ቡድን አባል መሆንህ፣ ከነዚህ ካምስቱ አንዱ ጋር መያያዝ አለበት። ሪፖርቱ ልጁ ሚለው ነገር ሊሆን እንደሚችል ያሳያል፣ እሱ ላይ መድረሱን ሚያሳየው ግን የራሱ ቃልና የራሱ ማስረጃ ነው።

ደግሞ ጊዜ አለው። ጥገኝነት አሜሪካ በገባ በ1 አመት ውስጥ መጠየቅ አለበት፣ ካለፈ ሁኔታዎች ተለውጠዋል ወይ ከባድ ምክንያት ነበረኝ ብሎ ማሳየት ይጠበቅበታል፣ ለምሳሌ ከ2015 በፊት ሄዶ ቤተሰቡ ላይ በኋላ አደጋ የደረሰበት ልጅ ይሄን ማንሳት ይችላል። አንድ አመቱ ያለፈበት ልጅ ዊዝሆልዲንግ ሚባለውን፣ ማለትም ወደሚፈራበት አገር እንዳይላክ ሚከለክለውን፣ ወይም ከማሰቃየት ሚጠብቀውን ሌላ ጥበቃ መጠየቅም ይችላል፣ እነሱ የአንድ አመት ገደብ የለባቸውም ግን ማስረዳቱ ይከብዳል።

ቲፒኤስ ሚባለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን የተሰጠ ጊዜያዊ ከለላ ነው፣ በ2024 ተራዝሟል፣ በ2025 መጨረሻ መንግስት አቋርጣለሁ ብሎ እሱም ፌደራል ፍርድ ቤት ደርሷል። ቲፒኤስ ያለው ልጅ ጥገኝነት አለኝ ብሎ መተኛት የለበትም።

"ከቀበሌ አንድ ጠንካራ ደብዳቤ ካመጣን ያልቃል"

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስራዬ ነው። ማስረጃ ከቤተሰብ ይሄዳል፣ የሆስፒታል ወረቀት፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የእስር መፍቻ፣ የወንድም ወይ የጎረቤት የምስክርነት ደብዳቤ ከመታወቂያ ኮፒ ጋር፣ ሁሉም እንግሊዝኛ ትርጉም ያስፈልገዋል፣ ተርጓሚው ሁለቱንም ቋንቋ እንደሚችልና ትርጉሙ ትክክል እንደሆነ ፈርሞ ማረጋገጥ አለበት። ሚያበላሸው ግን ባብዛኛው ቀን ነው። የወንድም ደብዳቤ ላይ "ጥር 2016 ወታደሮች ቤታችን ገብተው ጠየቁት" ተብሎ ተጽፎ ሌላ ቦታ "ጃንዋሪ 2016" ተብሎ ተተርጉሞ ያየሁት አለ፣ ልጁ እዛ ቃሉ ላይ ጃንዋሪ 2024 ብሏል፣ ወረቀቱና ቃሉ 8 አመት ተራራቁ ማለት ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 አመት ነው፣ ከዛ እስከ ጳጉሜ 8። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ባለው ሕግ ዳኛው የልጁ ቃል ይታመናል ወይ ብሎ ሲመዝን ዋናው ታሪክ ላይ ያልሆነ ትንሽ አለመጣጣምም ሊቆጥርበት ይችላል፣ የአንድ ቀን ስህተት ለእኛ ምንም አደለም ለሱ ግን ሙሉ ኬዙ ነው። ስለዚህ ትርጉሙ ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፣ ከመላካችሁ በፊት ለልጁ በስልክ አንብቡለት፣ የአባትና የአያት ስም ፊደሉ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይሁን።

ልጁ ያላለውን ነገር ግን አትጻፉለት። በፍቅር ነው ሚያረጉት አውቃለሁ፣ አንዲት እናት "ታስሮ ነበር በሉልኝ፣ ይጠቅመዋል" ብለው አልቅሰው ለምነውኛል፣ ልጃቸው ግን ታስሬያለሁ ብሎ አያውቅም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርስ ልጁ ውሸታም ሚሆነው በእናቱ ወረቀት ነው፣ ይባስ ብሎ አውቆ የፈጠራ ማመልከቻ አቀረበ ከተባለ ከማንኛውም የኢሚግሬሽን ጥቅም ለዘላለም ሊታገድ ይችላል። እውነተኛው ነገር ትንሽ ቢመስልም እሱን ላኩ።

ወረቀት ከላክን መንግስት ያውቅብናል ለሚሉ ደግሞ፣ የጥገኝነት ማመልከቻ በአሜሪካ ደንብ ምስጢር ነው፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ያለ ልጁ የጽሑፍ ፈቃድ ለሌላ ወገን አይሰጥም።

"ቢሸነፍም ይግባኝ አለ፣ ማስረጃውን ያኔ እንልካለን"

ይግባኝ ላይ እንደገና አይሰማም። ቦርዱም ፌደራል ፍርድ ቤቱም ሚያዩት መጀመሪያ ዳኛው ፊት የተመዘገበውን ነው፣ በኋላ የደረሰ ደብዳቤ አዲስ ካልሆነና ቀድሞ ሊገኝ የማይችል ካልነበረ መዝገብ ለማስከፈት እንኳ ይቸግራል። ኢንተርኔትና ስልክ በተቋረጠበት ጊዜ ደብዳቤ መላክ ያቃታቸው ቤተሰቦች እዚህ ጎጃም ብዙ ናቸው፣ ይሄ ራሱ ለዳኛው ሚነገር ምክንያት ነው፣ ግን መነገር አለበት፣ ጠበቃው ቀኑ ሳያልፍ ይጠይቅ።

ቀኑ ደግሞ አጭር ነው። ወደ ቦርዱ ይግባኝ ለረጅም ጊዜ 30 ቀን ነበር፣ ደንቡ ስለሚነካካ ልጁ የውሳኔው ወረቀት ላይ ያለውን ቀን ያንብብ። ከቦርዱ ወደ ፌደራል ፍርድ ቤት በሕግ የተጻፈው 30 ቀን ነው። ሰው ሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ቦርዱ ጋር ያለ መደበኛ ይግባኝ ማባረሩን ባብዛኛው ያስቆማል፣ ፌደራል ፍርድ ቤት ማመልከት ግን ብቻውን አያስቆምም፣ እግድ ለብቻው መጠየቅ አለበት። ይግባኝ ብያለሁ ብሎ የተቀመጠ ሰው ይግባኙ ገና ሳይታይ ሊላክ ይችላል።

"አግብቷል፣ ወልዷል፣ አይነኩትም"

አሜሪካ የተወለደ ልጅ ለአባቱ ማመልከት ሚችለው 21 አመት ሲሞላው ነው። ትዳር ይረዳል ግን የኮርቱን ኬዝ በራሱ አይዘጋም፣ እንዴት ገባ ሚለውም ይታያል። 10 አመት የኖረ ሰው ዲፖርት እንዲሰረዝለት መጠየቅ ይችላል፣ ግን ዜጋ ወይ ግሪን ካርድ ባለው ባለቤቱ፣ ልጁ ወይ ወላጁ ላይ ከተለመደው እጅግ ያለፈ ችግር እንደሚደርስ ማሳየት አለበት።

"ኬዙን ካሸነፈ ሁሉም አንድ ነው"

አንድ አደለም። ጥገኝነት ያገኘ ከአመት በኋላ ለግሪን ካርድ ያመለክታል፣ ሚስትና ልጆቹንም ማምጣት ይችላል። ዊዝሆልዲንግ ያገኘ ግን ወደ ኢትዮጵያ አትላክም ነው የተባለው፣ ቤተሰብ አያመጣም፣ ወደ ሌላ አገር መላክንም አይከለክልም። እ.ኤ.አ. በ2025 ከተለያየ አገር የመጡ 8 ሰዎች ወደ ደቡብ ሱዳን ሊላኩ ጅቡቲ ላይ ባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ኮንቴይነር ውስጥ ሲቆዩ ጠበቆቻቸው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክረው በመጨረሻ ተልከዋል። ዊዝሆልዲንግ ያለው ልጅ ሌላ አገር እልክሃለሁ ከተባለ እዛም ምፈራው አለ ብሎ ወዲያው መናገር አለበት።

"ከታሰረ አለቀለት"

አላለቀም። ዳኛ ፊት ቀርቦ በዋስ መውጣት ሚችል አለ፣ ያለ ፈቃድ ድንበር አልፎ የገባው ላይ ግን ቦርዱ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ዋስትናውን ዘግቶታል፣ ብዙ ፌደራል ዳኞች ደግሞ አይሆንም ብለው ሰው ፈትተዋል። ይሄ የሆነው ሄቢየስ ኮርፐስ በሚባለው፣ እስሬ ሕጋዊ አደለም ተብሎ ፌደራል ፍርድ ቤት ሚቀርብ አቤቱታ ነው። የመጨረሻ ትዕዛዝ የተሰጠበት ሰውም አገሩ ሳይቀበለው 6 ወር ካለፈ በቅርቡ ልላክ ምችልበት መንገድ የለም ብሎ መከራከር ይችላል፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ዛድቪዳስ በተባለ ጉዳይ ነው የወሰነው።

አቤቱታው ግን ሚገባው ታስሮ ባለበት ቦታ ፍርድ ቤት ነው፣ አይስ ደግሞ ቨርጂኒያ የያዘውን ሰው በጥቂት ቀን ሉዊዚያና ወይ ቴክሳስ ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ የልጁን ኤ ነምበር፣ ኢሚግሬሽን ወረቀቱ ላይ ኤ ፊደል ቀድሞት ያለውን ቁጥር፣ ዛሬውኑ በስልክ ተቀብላችሁ ጻፉት፣ ካንድ በላይ ሰው ይያዘው። በዛ ቁጥርና በተወለደበት አገር የአይስ የእስረኛ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ የት እንዳለ ይታያል፣ የኮርት ቀጠሮውም በዛው ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ይታያል፣ ይሄን ማርቆስ ቁጭ ብሎም ማየት ይቻላል፣ እኔ ጋር ለሚመጡትም እያየሁላቸው ነው።