ዓሣና የውኃ ጥራት ጥልቀታቸው አነስተኛ በሆኑ ሐይቆች

ጥልቀቱ ጥቂት ሜትር ብቻ የሆነ ሐይቅ ሲደፈርስ ብዙውን ጊዜ ተጠያቂ የሚደረገው ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያና ፍሳሽ ነው። ይሁን እንጂ በማዳበሪያና በፍሳሽ ውስጥ የሚገኘውና አልጌ የተባሉትን ደቃቅ የውኃ ዕፅዋት መሰል ነገሮች የሚያፋፋው ፎስፈረስ መጠኑ ተቀራራቢ ከሆነባቸው ሁለት ሐይቆች አንዱ ወለሉ እስኪታይ የጠራ፣ ሌላው ክረምት ከበጋ በአልጌ የተሸፈነ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ይህን ልዩነት ከሚፈጥሩት ነገሮች መካከል በሐይቁ የሚኖሩት ዓሦች ዓይነትና ብዛት ከፍተኛውን ስፍራ ይይዛሉ።

ዓሦች ውኃውን የሚያደፈርሱት በዋናነት በሁለት መንገድ ነው። ትናንሽ ዓሦች አልጌን አጣርታ የምትመገበውን ዳፍኒያ የተባለች፣ ርዝመቷ ከጥቂት ሚሊሜትር የማያልፍ የውኃ እንስሳ አሳደው ይበላሉ፤ እሷ ስትመናመን አልጌው የሚገታው ያጣል። እንደ ካርፕ ያሉት ደግሞ ትልና እጭ ፍለጋ ደለሉን በአፋቸው እየሳቡ የማይፈልጉትን መልሰው ስለሚተፉ ጭቃው ይነሣል፣ በደለሉ ውስጥ የተከማቸው ፎስፈረስ ወደ ውኃው ይለቀቃል፣ የውኃ ውስጥ ተክሎችም ከነሥራቸው ይነቀላሉ። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም፤ ተክሎቹ ከጠፉ ነፋስ ወለሉን ያለ ከልካይ ያናውጠዋል፣ ዳፍኒያም መሸሸጊያ ታጣለች፣ በዚህም ምክንያት ድፍርሱ ራሱን በራሱ ያጸናል።

በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ማዲሰን ከተማ የሚገኘው የዊንግራ ሐይቅ ለዚህ ግልጽ ማሳያ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ካርፕ እንዳይገባበት ከሐይቁ 1 ሄክታር ገደማ የሚሆን ክፍል ከለሉ፤ በክልሉ ውስጥ ውኃው ጠርቶ ተክሎች ሲበቅሉ ከውጭ ያለው እንደደፈረሰ ቀረ፣ ልዩነቱም ከአየር በተነሡ ፎቶግራፎች ላይ ጎልቶ ታየ። በመጋቢት 2008 እ.ኤ.አ. ከ23 ቶን በላይ ካርፕ በመረብ ተጎትቶ ከወጣ በኋላ የመላው ሐይቅ ውኃ ጠራ፣ ብርሃንም ቀድሞ ወደማይደርስበት ጥልቀት ዘለቀ። ጥራቱ ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም፤ ከባሕር ማዶ የመጣው ማይልፎይል የተባለ አረምም ብርሃኑን ተጠቅሞ ተስፋፋና ለጀልባ ቀዛፊዎች እንቅፋት ሆነ።

እንዲህ ያለው ሥራ የሚሰምረው አብዛኛው ዓሣ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ከወጣና ወደ ሐይቁ የሚገባው ፎስፈረስም ከቀነሰ ነው። አለበለዚያ የተረፉት ዓሦች በሰፊው ምግብ ላይ ፈጥነው ይራባሉ፣ ሐይቁም ወደ ነበረበት ይመለሳል።

የቀዝቃዛ አገሮችን ልምድ እንዳለ ወደ ሞቃት ሐይቆች መውሰድ ግን አያዋጣም። በሞቃት ሐይቆች ብዙ ዓሦች ወቅት ሳይጠብቁ ስለሚራቡ ዳፍኒያ የምትበረክትበት ፋታ አይገኝም፤ እንደ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ያሉ ዓሦች ደግሞ አልጌውን ራሱን ይመገባሉ። አማካይ ጥልቀቱ ከ4 ሜትር የማይበልጠው የዝዋይ ሐይቅ ቆሮሶም ከውጭ የገባ ካርፕም ይኖሩበታል፤ ድፍርሱ በነፋስና ወንዞች በሚያመጡት ደለል የሚባባስ ከመሆኑም በላይ ዓሣው የብዙ አስጋሪዎች መተዳደሪያ ነው። በመሆኑም እዚያ የካርፕን ድርሻ ለይቶ ለማወቅ ከሁሉ በፊት የሚበጀው የዊንግራው ዓይነት ትንሽ ክልል ሠርቶ ውስጡንና ውጩን ማነጻጸር ነው።