የቪክቶሪያ ሐይቅ የዓሣ ኬጆች፦ ጽዳቱን የሚሠራው ማነው?

ኬጅ ሲያዩት ቀላል ነገር ነው። ከብረት፣ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ ቱቦ የተሠራ ማዕቀፍ በበርሜል ይንሳፈፋል፤ ከሥሩ መረብ ይንጠለጠላል። መረቡ ውስጥ ቆሮሶ ይረባል፤ እኛ ከጣናና ከዝዋይ የምናውቀው ያው ቆሮሶ። በኬንያ በኩል የተለመደው ትንሹ ኬጅ ጎኑም ጥልቀቱም 2 ሜትር ነው። እዚያች ውስጥ 2,000 ገደማ ዓሣ ይታጎራል።

ከሐይቁ የሚሰገረው ዓሣ ሲመናመንና ገበያው ሲሰፋ ብዙ ሰው ወደ ኬጅ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2017 በኬንያ በኩል ብቻ ከ3,600 በላይ ኬጆች ተቆጥረዋል። አብዛኞቹ ሲያያ ካውንቲ ዳርቻ ላይ ናቸው።

ነገሩ ያለው መኖው ላይ ነው። አንድ ኪሎ ቆሮሶ ለማግኘት ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ መኖ ይሄዳል። በኩሬ የሚያረባ ሰው ቆሻሻውን በዓይኑ ያየዋል፤ ውሃውንም ራሱ ይቀይራል። የኬጅ ወለል ግን ወንፊት ነው። የተረፈው መኖና ኩሱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጽዳቱን ሐይቁ በነፃ ይሠራል። እስከቻለ ድረስ ማለት ነው።

ሳይችል ሲቀር ምን ይሆናል? ከመኖው የወጣው ፎስፈረስና ናይትሮጅን አልጌን፣ ማለትም ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርጉ ጥቃቅን ዕፅዋትን፣ ያፋፋል። አልጌው ሌሊት ከውሃው ኦክስጅን ይወስዳል፤ ሞቶ ሲበሰብስም ሌላ ኦክስጅን ይጨርሳል። ሞቃት ውሃ ደግሞ ከመነሻው የሚይዘው ኦክስጅን ጥቂት ነው። የቆላ ሐይቅ ላዩ ሞቆ፣ ታቹ ቀዝቅዞ ለወራት ሳይቀላቀል ይቆያል። ታችኛው ክፍል ኦክስጅን አልባ ይሆናል። ከዚያ አንድ ቀን ኃይለኛ ነፋስ ይመጣና ውሃው ይገለበጣል፤ የታቹ ወደ ላይ ይወጣል። የዱር ዓሣ ሸሽቶ ያመልጣል። የኬጁ ዓሣ ወዴት ይሂድ? ንጋት ላይ አፉን ወደ ላይ ከፍቶ ሲያለከልክ ይታያል፤ ከዚያ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ኪሱሙን ጨምሮ በኬንያ ዳርቻ የብዙ አርቢዎች ዓሣ እንዲህ አለቀ። የአገሪቱ የዓሣ ምርምር ተቋም ምክንያቱ ከታች የወጣ ኦክስጅን አልባ ውሃ ነው ብሏል።

ሐቁን ለመናገር ቪክቶሪያን ያቆሸሹት ኬጆች ብቻ አይደሉም። የከተማ ፍሳሽ አለ፤ ወንዞች ከእርሻ የሚያመጡት ደለል አለ፤ እምቦጩም አለ። ግን ኬጆቹ የሚከማቹት ጥልቀት በሌለው፣ ውሃው በማይንቀሳቀስበት ጥግ ነው። እዚያ ትንሹም ይበዛል።

የኢንዶኔዥያው ማኒንጃው ትልቅ ትምህርት ነው። ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ሐይቅ ነው፤ ኬጅ የገባው እ.ኤ.አ. በ1992 ነበር። የአካባቢው ደንብ ከ6,000 ኬጅ በላይ አይፈቅድም፤ ቁጥሩ ግን ከ17,000 አልፎ ነበር። ውሃው ሲገለበጥ ድኝ ድኝ የሚሸት ነገር ከታች ይወጣል። ነዋሪዎቹ «ቱቦ በለራንግ» ይሉታል፤ የድኝ መርዝ እንደማለት ነው።

በጋናው ቮልታ ሐይቅ ደግሞ መጨናነቁ በሽታ አስፋፋ ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓሣን ጣፊያና ኩላሊት የሚያጠቃ ቫይረስ ገባ። አርቢዎቹ የሚሞተውን አስበው የዓሣ ጫጩት አብዝተው መጨመር ጀመሩ። ከቸነፈር ጋር ቁማር እንደመጫወት ነው።

የመኖው ምንጭም ያሳስባል። በቪክቶሪያ ኦሜና የምትባል ትንሽ ዓሣ አለች፤ የደሃ ቤት ወጥ ናት። ተፈጭታ ለመኖ ስትሄድ ከሰው አፍ ትወጣለች። ማላዊ በበኩሏ ከኬጅ አምልጦ ወደ ሐይቋ የሚገባ የውጭ ዓሣ ያሰጋታል። ስለዚህ ቆሮሶን ከልክላ የራሷን የሐይቅ ዓሣ ብቻ ታረባለች።

መፍትሔው የሚታወቅ ነው። ኬጁን ውሃው ወደሚንቀሳቀስበት ጥልቅ ቦታ ማውጣት፣ ማራራቅ፣ ቦታውን እየቀያየሩ የሐይቁን ወለል ማሳረፍ። ግን ጥልቅ ውሃ ላይ ለመሄድ ሞተር ያስፈልጋል፤ ነዳጅ ያስፈልጋል። ሌባ ስላለ የሌሊት ጠባቂም መቅጠር ግድ ነው። ትንሹ አርቢ ከዳር የሚቀረው ለዚህ ነው።