«ድር ቢያብር» ሲባል ሸረሪት ለምትስሉ

የመዋጮ ማስታወቂያ ሁሉ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይልና ከጎኑ ሸረሪት ይለጥፋል። ሸረሪት እኮ አብዛኛውን ጊዜ ብቻዋን ነው የምታደራው፤ ከማን ጋር ልታብር? በእኔ ግምት ተረቱ የተወለደው ሸማኔ እግሩን ከትቶ ከሚሠራበት ጉድጓድ አፍ ላይ ነው። አንበሳው ለማድመቂያ የገባ ነው፤ ዋናው ቃል ድር ነው፣ በሸማው ቁመት የሚወጠረው ክር፣ በአግድም የሚገባው የማግ ጓደኛ።

ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ተባዝቶ በእንዝርት ይፈተላል። ለማግ የሚሆነው ላላ ቢል ግድ የለም፤ እንዲያውም ሸማው ይለሰልሳል። ለድር የሚሆነው ግን ቀጥኖ መክረር አለበት፤ ተወጥሮ የሚውለው፣ ማጉን የሚያስገባው መወርወሪያ በተመላለሰ ቁጥር የሚፈተነው እሱ ነው። ሳይከር ከቀረ ይፀጉርና ይበጠሳል፤ ከልክ በላይ ከከረረ ይጠማዘዛል። ወፈር ቀጠን ያለ ፈትል ደግሞ የቀጠነበት ላይ ይከዳል፤ ያኔ ሸማኔው ሥራውን አቁሞ የተበጠሰውን ክር ይቀጥላል። «ቀጭን ፈታይ» መባል ሙገሳ የሆነው ለዚህ ነው።

የጋሞ ሸማኔዎች ጉለሌና ሽሮ ሜዳ ሲሰፍሩ ፈትል የሚሸጡላቸው የአዲስ አበባ እናቶች ነበሩ። የባል የቀን ሠራተኝነት ገቢ ወር አያደርስም ነበር፤ ከፈትሉ ልቃቂት የሚገኘው ሳንቲምም ቤት ካደረ ለሽሮና ለላምባ ያልቅ ነበር። ስለዚህ በቀጥታ ወደ እቁብ ይገባ ነበር። አሥር ሰው በሳምንት አንድ አንድ ብር ሲጥል በየሳምንቱ ለአንዱ 10 ብር ይደርስ ነበር፣ ያለ ወለድ፤ የቤት ኪራይ ውዝፍ የሚከፈለው፣ ቆርቆሮ የሚገዛው በእሱ ነበር። የታመመበት ካለ የእቁቡ ዳኛ አባላቱን አማክሮ ዕጣ ያስቀድምለታል።

እቁብ የሚፈርሰው ቀድሞ የበላው መጣሉን ሲያቆም ነው። ስለዚህ ባለዕጣው ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይነካም። ዋሱም ዕጣው ገና ያልወጣለት ቢሆን ይመረጣል፤ ባለዕጣው ቢከዳ ከዋሱ ድርሻ ይቆረጣላ!

ዛሬ ተረቱ የሚጠራው በአንድ ምሽት ተዋጥቶ ለሚበተን ገንዘብ ነው። ድር ግን ሸማው እስኪቆረጥ እንደተወጠረ ይቆያል፣ እቁብተኛም የመጨረሻው ዕጣ እስኪወጣ። ለአንድ ምሽቱማ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አለላችሁ፤ ድሩን ተዉልን።