በጎ ፈቃድ ኮምፒውቲንግ ምንድን ነው? ግኝቱስ የማን ነው?

ኮምፒውተራችሁን እንደከፈታችሁ ስልክ ልታናግሩ ተነሳችሁ እንበል። ማሽኑ ሥራ ፈቶ ይጠብቃችኋል። ጽሑፍ ስትጽፉበት እንኳ ፕሮሰሰሩ ካለው አቅም የሚጠቀመው ጥቂቱን ነው። በጎ ፈቃድ ኮምፒውቲንግ የሚባለው ይህን የተረፈ አቅም ለሳይንስ ማዋስ ነው። አንድ ትንሽ ፕሮግራም ትጭናላችሁ። እሱ ከተመራማሪዎቹ ሰርቨር ቁራጭ ስሌት ያመጣል፣ ማሽኑ ሥራ ሲፈታ ያሰላል፣ መልሱን ይልካል፣ ሌላ ቁራጭ ይወስዳል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ማለት ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የተጀመረው ሴቲ አት ሆም ከጠፈር የሚመጡ የሬዲዮ ምልክቶችን በዚህ መንገድ ፈትሿል። የፕሮቲኖችን አተጣጠፍ፣ ማለትም ቅርጻቸውን እንዴት እንደሚይዙ፣ ለበሽታ ምርምር የሚያጠናው ፎልዲንግ አት ሆም ደግሞ በ2020 ኮሮና ሲመጣ ብዙ ሰው ተቀላቀለው። አቅሙ ከአንድ ኤክሳፍሎፕ በላይ ሆነ፤ ማለትም በሴኮንድ ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ስሌት።

ተረቱ ግን ሎሚዎቹ የማን እንደሆኑ አይነግረንም። መድኃኒት ቢገኝ፣ ኮከብ ቢገኝ፣ ሽልማት ቢገኝ፣ የማን ነው?

ከኮከቡ እንጀምር። አይንስታይን አት ሆም የሚባል ፕሮጀክት በ2010 በአሬሲቦ ቴሌስኮፕ መረጃ ውስጥ አዲስ ፐልሳር አገኘ። ፐልሳር የፈነዳ ኮከብ ቅሪት ነው፤ ይሄኛው በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል። ለስህተት መከላከያ አንድ ቁራጭ ስሌት ቢያንስ ለሁለት ኮምፒውተሮች ይሰጣል። ስለዚህ ያን ቁራጭ ያሰሉት አሜሪካ አዮዋ ያሉ ባልና ሚስት እና አንድ ጀርመናዊ ነበሩ። ሳይንቲስቶቹም የሦስቱንም ስም ጠርተው አመሰገኑ። ደስ ይላል። ግን ያ ቁራጭ በአጋጣሚ ለሌላ ቤት ቢደርስ ኖሮ የሌላ ሰው ስም ይጠራ ነበር። ምንም ባልተገኘበት ቁራጭ ላይ ሌሊቱን ያደረ ኮምፒውተርስ? «እዚህ የለም» የሚለው መልስም ፍለጋውን አጥብቧል።

ይህን ጉዳይ ከሁሉ በግልጽ ያየው ጊምፕስ ይመስለኛል። ከ1996 ጀምሮ ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮችን፣ ማለትም ለ1 እና ለራሳቸው ብቻ የሚካፈሉትን፣ የሚፈልግ ፕሮጀክት ነው። በ2024 ሉክ ዱራንት የሚባል ተሳታፊ 41,024,320 አሃዝ ያለው ቁጥር አገኘ። በይፋዊው የግኝት ስም ዝርዝር ላይ ግን እሱ ብቻውን አልቆመም። ሶፍትዌሩን የሠሩት ተጠቅሰዋል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «እና ሌሎች» የሚል አለ። ያ «እና ሌሎች» ለእኔ ትልቅ ቃል ነው። ገንዘቡም እንደዚያው ነው። ከ10 ሚሊዮን አሃዝ በላይ ላለው የመጀመሪያ ቁጥር 100,000 ዶላር ሽልማት ነበረ። ቁጥሩ የተገኘው በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ላይ ነው። ግማሹ ለዩኒቨርሲቲው፣ 25,000 ዶላር ለበጎ አድራጎት፣ ከቀረው አብዛኛው ሌሎች ቁጥሮችን ላገኙ ሰዎች እንዲሄድ ተደረገ። አከፋፈሉ ሽልማቱ ከመምጣቱ በፊት የታወቀ ነበር። ሶፍትዌሩን የሚጭን ሰው ተስማምቶ ነው የሚገባው።

ኮከብና ቁጥር የማንም ንብረት አይሆኑም። ችግሩ የሚመጣው መድኃኒት ላይ ነው። በፓተንት፣ ማለትም በፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ሕግ ፈጣሪ የሚባለው ሐሳቡን ያፈለቀ ሰው ነው፤ መሣሪያ ያዋሰ ሰው ፈጣሪ አይሆንም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከ1980 ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች በመንግሥት ገንዘብ በተሠራ ምርምር ላይ የተገኘን ፈጠራ ባለቤትነት ሊይዙ ይችላሉ። ስለዚህ ኤሌክትሪኩን የከፈላችሁት እናንተ ብትሆኑም ሕጉ ድርሻ አይሰጣችሁም።

በዚህ ሕጉ ትክክል ነው ባይ ነኝ። ለመቶ ሺህ ሰው ድርሻ ቢከፋፈል አንድ ውሳኔ ለመወሰን እንኳ ስንት ፊርማ ያስፈልጋል? ግን ባለቤት አይደለህም ማለት አያገባህም ማለት አይደለም። ጆን ሙር የሚባል አሜሪካዊ ታካሚ ነበር። ሐኪሙ ከሰውነቱ በወጡ ሴሎች ላይ ፓተንት አወጣ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1990 ሴሎቹ የሙር ንብረት ናቸው የሚለውን አልተቀበለም። ሐኪሙ ግን ጥቅም እንዳለው አስቀድሞ መናገር ነበረበት አለ። ሴልና ፕሮሰሰር አንድ አይደሉም፣ አውቃለሁ። ሐሳቡ ግን እዚህም ይሠራል።

እኔ ላፕቶፔን ለበሽታ ምርምር ሳውል ገንዘብ አስቤ አላውቅም። ያሰብኩት የታመመ ሰውን ነው። ይህ ስጦታ ብቻ ሳይሆን አደራም ነው። አደራ ተቀባይ የተሰጠውን ይይዛል፤ ሰጪው ካሰበው ውጭ ግን አያውለውም። ስለዚህ ውጤቱ ለማንም ተመራማሪ ክፍት መሆን አለበት እላለሁ። ወርልድ ኮሚዩኒቲ ግሪድ የሚባለው የበጎ ፈቃድ ኮምፒውቲንግ ፕሮጀክት ይህን ደንብ አድርጎታል፤ በእሱ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ውጤታቸውን ለሕዝብ ይፋ ማድረግ አለባቸው።

ጥሩ መከራከሪያ እንዳለ አልክድም። መድኃኒትን በሰው ላይ ሞክሮ ገበያ ማድረስ እጅግ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ያለ ፓተንት ያን ገንዘብ የሚያወጣ ኩባንያ ማግኘት ይከብዳል። ይሁን፣ ፓተንት ያስፈልግ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ግን ፕሮግራሙን ከመጫናችን በፊት ይነገረን። ፓተንቱን ማን እንደሚይዘው፣ የስሌቱ መረጃ ለሌሎች ተመራማሪዎች መቼ እንደሚለቀቅ፣ መክፈል የማይችል ታካሚ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚያገኝ ይጻፍ። «እስማማለሁ» የሚለውን ቁልፍ የምንጫነው ያን አንብበን ይሁን።