የጎጃም ገበሬ በ1960፦ ቁጣው እንዴት ተደራጀ

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አሥራት፣ ማለትም ከምርት አንድ አሥረኛው፣ ቀርቶ ገበሬው ከምርቱ እየተገመተ ይክፈል ይላል። በወረቀት ሲያዩት ክፉ አይመስልም። ጎጃሜው የፈራው ገማቹን ነው። ዛሬ ሰብል ሊገምት የመጣ ነገ ቃላድ፣ የመሬት መለኪያ ገመድ፣ ይዞ ይመጣል፣ መሬት ከተለካ ደግሞ ርስት አለቀለት። ፍርሃቱ ባዶ አልነበረም፤ በደቡብ ቃላድ የተጣለበት መሬት ስንቱን ባለመሬት ጭሰኛ እንዳደረገው ይታወቃል፣ ጎጃም ራሱም ከጣሊያን በኋላ ይህንኑ ፈርቶ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ እምቢ ብሎ ተነሥቷል። በዚህ ላይ ሕዝቡ በጠቅላይ ግዛቱ ገዥ በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደር ቀድሞውኑ ተማሮ ነበር።

ሰው ብቻውን ሲናደድ ወይ ይሸፍታል፣ ወይ አንዱን የመንደር ሹም፣ ጭቃ ሹሙን፣ ደብድቦ ይበርድለታል። በሞጣ፣ በብቸናና በቆላ ደጋ ዳሞት ግን ቁጣው መልክ ያዘ። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይህ የሆነው ያለ ፓርቲና ያለ ጽሕፈት ቤት መሆኑ ነው። ገበሬው በእጁ ያለውን ተጠቀመ። ወሬ በገበያ ይደርሳል፣ ሰው ቤተ ክርስቲያን ይገናኛል፣ ማኅበሩ ማን እንደሚታመን ለይቶ ያውቃል። ሰውን የሚመራ የጎበዝ አለቃ ተመረጠ፣ መሐላ ተማማሉ። በገጠር መሐላ ያፈረሰ ሰው እሳት አይጫርለትም፣ ቢሞትም ቀባሪ የለውም፤ ከዚህ የከበደ ቅጣት የት ይገኛል?

አካሄዱም ደረጃ ነበረው። መጀመሪያ ገማቾቹን አናስገባም አሉ። መልእክተኞች አዲስ አበባ ድረስ ልከው ለንጉሡ አቤት አሉ። ሰሚ ሲያጡና ጦር ሲመጣባቸው ነው ነፍጥ ያነሡት። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፣ ግብሩ ይቅር፣ ገዥው ይነሡልን። ማንም ገበሬ ሳይደናገር ሊደግመው ይችላል። ብርታታቸው እዚህ ላይ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዋጋው ግን ከባድ ነው። መንግሥት ወታደር ላከ፣ በአውሮፕላንም መንደር ደበደበ። ያም ሆኖ ግብሩን መሰብሰብ አልቻለም። በ1960 መጨረሻ ገዥው ተነሡ፣ በ1961 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ጎጃም ሄደው ውዝፍ ግብር ማሩ።

በዚያው ጊዜ የባሌ ገበሬም አምፆ ነበር። ሁለቱ ግን አልተገናኙም። የጎጃሙ ጥያቄ ሲመለስ ሁሉም ወደየእርሻው ገባ፤ የቀረ ድርጅት አልነበረም።